የካፖርቶቹ ሳምንት

እታለም በጦር ሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ የጀመረችው ባሏ ሃምሳ አለቃው በሕይወት ሳለ ነው። እሱ ሞተ፣ እሷ እዚያው ቀረች። እታለም የሚለውም ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። አንድ ተጫዋች ወታደር እንዲህ ሲል ጀመረ፤ ሰውየው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሲሄድ ስሙ ግን አብሮት አልሄደም፤ ከአዛዡ ጀምሮ እስከ ድንች ላጩ ድረስ ሁሉም እታለም ሲላት ኖረ።

ማጠቢያ ቤቱ ከጋራዡ ጎን ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ዝናቡ፣ ከውስጥ እንፋሎቱ ያረጥበዋል። ወታደሮቹ ልብሳቸውን በእጃቸው ነበር የሚያመጡት። አንዱ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ "እታለም፣ እስቲ ይቺን ጉልበት አንድ ነገር አድርጊያት" ይላል። ሌላው ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ እያሳየ፣ "ሆዴ ገፍቶት እንዳይመስልሽ፣ ክሩ ነው የከዳኝ" ይላል። "ክሩ ምን አደረገ፣ ወጥ ቤቱን ጠይቀው" ትለዋለች። ኪስ ሳትፈትሽ ልብስ ውሃ ውስጥ አታስገባም። የእጮኛ ፎቶግራፍ ይሁን የተረሳ ቁልፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ ለይታ አስቀምጣ ለባለቤቱ ትመልሳለች። አንድ ልጇ አድጋ፣ አግብታ ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቀኗን የሚሞላላት ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት የአቅርቦት ኃላፊው ሻለቃ የድጋፍ ሠራተኞችን በሙሉ በመመገቢያ አዳራሹ ሰበሰባቸው። ምግቡ፣ እጥበቱ፣ ጽዳቱ፣ ማመላለሻው፣ የበር ጥበቃው ሳይቀር በጨረታ ለግል ድርጅቶች መሰጠቱን ነገራቸው።

"ወታደር ሥራው መዋጋት ነው" አለ ሻለቃው። "ድንች መላጡንና ካልሲ ማጠቡን እንጀራቸው ያደረጉ ድርጅቶች አሉ። በየአገሩ እንዲህ ሆኗል፤ ወጪም ይቀንሳል።" ሻለቃው ደህና ሰው ነበር። ይህን ሲናገር ግን ዓይኑ ከጣሪያው አልወረደም።

ቦይለር የሚያነደው ሽማግሌ እጁን አወጣ። "እኛስ ጌታዬ?"

"ድርጅቶቹ ልምድ ላለው ሰው ቅድሚያ ይሰጣሉ።"

"ቦይለር አላቸው?"

"የእነሱ በኤሌክትሪክ ነው መሰለኝ።"

"እንግዲያው እኔ ነድጄ አልቄያለሁ" አለ ሽማግሌው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁት ውስጥ አብዛኞቹ ያ ወር ሲያልቅ ሥራቸውም አብሮ አለቀ። ወጥ ቤቶቹ ተበተኑ፤ ጋራዡ ተዘጋ፤ ቦይለር አንዳጁ ሽማግሌ ወንድሙ ዘንድ ገጠር ገባ ተባለ።

እታለም ከቀናቸው ጥቂቶች አንዷ ነበረች። እጥበቱን የወሰደው ድርጅት ቀጠራት። ነገር ግን ቤቷ ሄደ። ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ በተርታ የተሠሩት ክፍሎች ለሰፈሩ ሠራተኞች የተሰጡ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ የሰፈሩ ሠራተኛ አይደለችም። አልጋዋን፣ የልብስ ስፌት መኪናዋንና የባሏን ፎቶግራፍ ጋሪ ላይ አስጭና፣ ከተማ መሀል ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ተከራየች። ክፍሏ ንጹሕ ነች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ቴሌቪዥን እዚያው አጠገቧ ያለ ይመስላል፤ ጎረቤቶቹ ሲስቁ ትሰማለች፣ በምን እንደሳቁ ግን አታውቅም። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ "ደህና ዋሉ" ይባባላሉ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። "ይለመዳል" አለች ለራሷ። አልተለመደም። ሻይ ስታፈላ ውሃውን ለብዙ ሰው እየለካች፣ መልሳ ታፈሰው ነበር።

አዲሱ ማጠቢያ ቤት ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ አዳራሽ ነው። የሆቴሉ አንሶላ፣ የሆስፒታሉ ጋውን፣ የሰፈሩ የደንብ ልብስ፣ ሁሉም በጆንያ ታስሮ በጭነት መኪና ይመጣል። ጆንያው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። እታለምን የተቀደደ ልብስ የሚጠገንበት ጥግ አስቀመጧት። የምትጥፈው የማን ጉልበት እንደሆነ አታውቅም፤ ጥፋ የላከችውንም ማን እንደለበሰው አታይም። ሠራተኛው ውሉ አጭር ስለሆነ ዛሬ አብራት ምሳ የበላች ሴት በሚቀጥለው ወር የለችም። ስም መያዝ ታከታት።

ትንሽ የምታጫውታት ከጎኗ የምትተኩሰው ልጅ ብቻ ነበረች። አፏ ስለማያርፍ ቅመም ይሏታል።

"እታለም፣ ከእኔ ይልቅ ከመርፌሽ ጋር ነው እኮ የምታወሪው" ትላለች ቅመም ካውያዋን እያንሸራተተች።

"መርፌ ሰምቶ ዝም ይላል።"

"እኔስ ዝም አልል ብዬ ነው?"

"አንቺማ ገና ሳትሰሚ ነው የምታወሪው።"

እሁድ እሁድ ልጇ ትደውላለች። "እማዬ፣ ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?" ትላለች፤ "ደህና ነው" ብላ ሳትጨርስ ከበስተጀርባ ሕፃን ያለቅሳል፣ "በቃ በኋላ እደውላለሁ" ይባላል። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ኑሮ ይዟት ነው። እታለምም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ "እሺ፣ ሳሚልኝ" ትላለች፣ ለማንም።

ዝናብ በጀመረበት ሰሞን እታለም ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር። ፌርማታው መጠለያ የለውም። ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ እንደቆመች ዝናቡ በድንገት ከላይዋ ቀጥ አለ። ቀና ስትል አንድ ጠና ያለ ሰው ዣንጥላውን ወደ እሷ አዘንብሎ፣ የራሱ ትከሻ እየረጠበ ቆሟል።

"ኧረ ይተዉ፣ እርስዎ እኮ ረጠቡ" አለችው።

"ኮቴ ከታጠበ ቆይቷል" አለ ሰውየው። "ይኸው በነፃ ታጠበልኝ።"

ሳቀች። "እኔ ደግሞ አጣቢ ነኝ፤ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው።"

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የስፌት መኪና መለዋወጫ ነጋዴ መሆኑን፣ ሚስቱ ከሞተች ጥቂት ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ባዶ ቤት መግባት ስለሚከብደው በየከተማው እየዞረ እንደሚሠራ ነገራት። እሷም ስለ ስፌት መኪናዋ ነገረችው፤ ጨርቁ ሲወፍር መርፌ እንደምትሰብር። ሰውየው አይሳለቅም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ከእሷ አስቀድሞ ይወርድና ከታች ሆኖ እጁን ያነሣል።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ፌርማታው ላይ ታገኘው ጀመር። ሁልጊዜ የሚላት "ዛሬ እንዴት ዋሉ?" ነው። ሰው ሁሉ ይህንን ይላል፤ እሱ ግን ጠይቆ መልሱን ይጠብቃል። ምን እንደሠራች፣ ጆንያው በዝቶ እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪው ተቆጥቷት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ስለ ጦር ሰፈሩም አጫወተችው፤ ስለ ባሏ፣ ስለ ወታደሮቹ ቀልድ፣ ስለ ቦይለር አንዳጁ ሽማግሌ። እንዲህ ዓይነት ወሬ ከአፏ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር። አንድ ቀን፣ "እርስዎ መባባሉን ብንተወውስ?" አላት።

"እርስዎ ይተዉት። የእኔ አፍ አይደፍርም።"

"እንግዲያው አንቺ ልበልሽ" አለ፤ አላትም። የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትገባ የጎረቤቶቹ ሳቅ አላስከፋትም።

ቅመም ነገሩን ለማወቅ አልዘገየችም። "ባለ ዣንጥላው ዛሬም ቆሟል!" እያለች በመስኮት ታያለች። "እታለም፣ ዝናብ እንኳ የለም እኮ፤ ሰውዬው ለምን ዣንጥላ ይዞ መጣ?"

"ፀሐይም ይከለክላል" አለች እታለም። ያንን ሰሞን አዲስ ሻርፕ ገዛች።

አንድ ሰኞ ጆንያዎቹ ከወትሮው በዝተው መጡ። ሲፈቱ ውስጣቸው ወፍራም የወታደር ካፖርት፣ ብርድ ልብስና የሱፍ ቆብ ነው። ብርዱ ገና አልገባም። ተቆጣጣሪው፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ትሑት ወጣት፣ እየተመላለሰ "ሐሙስ ሳይደርስ ማለቅ አለበት፣ እባካችሁ" ይላል። ካፖርት ሲረጥብ ድንጋይ ነው። አገላብጠው፣ አድርቀው፣ ቁልፍ ተክለው ሲወጡ የሁሉም ወገብ ተቆርጧል።

"ዛሬ ደክሞሻል" አላት ባለ ዣንጥላው ገና ሲያያት።

"ትከሻዬ አልቋል። ካፖርት ነው ሲያሸክሙን የዋሉት።"

"ካፖርት? ገና በዚህ አየር?"

"ወደ ተራራው የሚወጡ ይመስለኛል። እኔ ሰፈር ሳለሁ ካፖርት ከመጋዘን የሚወጣው ለተራራው ብቻ ነበር። ሐሙስ ሳይደርስ ብለው አስጨንቀውናል።"

"አይ ሥራ" አለ ሰውየው፤ ስለ ትከሻ ሕመም ማውራት ጀመረ። በማግስቱ የሚታሽ ቅባት ይዞላት መጣ። እታለም ቅባቱን አሽታ፣ ትከሻዋ እየሞቃት ተኛች። ሰው ያሰበላት መሆኑ ከቅባቱ በላይ ሞቃት።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮው ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ ታጣቂዎች በጦር መኪኖች ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን ተናገረ። የሞቱና የቆሰሉ አሉ አለ። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ከዚያ ዘፈን መጣና ቀነሰው። እታለም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተቀመጠች። ስማቸውን የምታውቃቸው ልጆች ፊት ተራ በተራ መጣባት። ወሬውን ይዛ የምትሮጥበት ደጃፍ ፈለገች፤ አልነበራትም። ባለ ዣንጥላውም ያን ሰሞን ጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ ከወታደር ሆስፒታሉ ጆንያ መጣ። ሊጠገን ይችል እንደሆነ እንድታይ አንድ ካፖርት ጠረጴዛዋ ላይ ጣሉላት። ታጥቦም ደሙ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ልትጥለው ስትል ክርኑ ላይ የተጣፈው ቁራጭ ዓይኗን ያዘው። ስፌቱ የእሷ ነው፤ ከድሮው ማጠቢያ ቤት። ለማን እንደጣፈችውም አልረሳችም። ጎማው ለሚሉት አስር አለቃ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከወገቡ ሰፋ ያለ፣ ክርኑን መስኮት ላይ አስደግፎ ስለሚነዳ እጅጌው ቶሎ የሚበላበት። "እታለም፣ የኔ ክርን የመንግሥት ንብረት አይደለም እንዴ፣ ምነው መለዋወጫ የለው?" ይላት ነበር።

"ይኼ ልጅ አለ?" ብላ ጮኸች። "የዚህ ካፖርት ባለቤት በሕይወት አለ?"

ጆንያውን ያመጣው ሠራተኛ ቁጥሩን አየና ትከሻውን ሰበቀ። ቅመም ካውያዋን አቁማ መጣችና እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

በዚያው ቀን ጠዋት ሌላም ነገር መጥቶ ነበር፤ አዲስ የካፖርት ጆንያዎች። ከሰፈሩ ገና ያልወጡ ወታደሮች አሉ ማለት ነው፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው። ይህን አዳራሹ ውስጥ ካሉት በቀር ማንም አላየም።

ከሥራ ስትወጣ ባለ ዣንጥላው ፌርማታው ላይ ነበር። ስታየው እንባዋ መጣ። ስለ ጎማው፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ደሙ ነገረችው። መሐረብ ሰጣት። ዣንጥላውን ዝቅ አድርጎ ከሰው ዓይን ከለላት፣ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣

"የቀሩትስ?" አላት። "የእነሱ ካፖርት መጥቷል? መቼ አድርሱ አሏችሁ?"

እታለም መሐረቡን ከዓይኗ ላይ አነሣች። የቀሩ አሉ ብላ አልነገረችውም። ማንም እንዲህ ያለ ሐዘን ላይ ላለች ሴት ይህን አይጠይቅም።

"እኔ ምን አውቄ" አለች። ድምጿ እንደ ወትሮው እንዲሆን ታገለች። "ዛሬ አንሶላ ነው ሲያሠሩን የዋሉት።"

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻው ትከሻዋን ሲነካት አልሸሸችም፤ እንዳያውቅባት ፈራች። ሲወርድ እንደ ወትሮው እጁን አነሣላት። እታለም ያሳለፉትን ጨዋታ ሁሉ አንድ በአንድ መለስ ብላ አሰበችው። ስለ ልጇ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። የባሏን ስም አያውቅም። መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው አንዲት ብሎን እንኳ ይዞ አላየችውም። የሚጠይቀው ስለ ጆንያና ስለ ቀን ነው፤ ሁሌም ስለ ጆንያና ስለ ቀን። ከንፈሯን እስኪያማት ነከሰች።

በማግስቱ ገና ከበሩ ተቆጣጣሪውን ይዛ ሁሉንም ነገረችው። የወጣቱ ፊት ተለወጠ።

"እናት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛ ልብስ ነው የምናጥበው። ይኼ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ደንበኛው እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ውሉን ያፈርሳል፤ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ያጣል።"

"ልጆቹ ይሞታሉ እኮ።"

"ደግሞስ ስለ ደንበኛ ዕቃ ለምን ለሰው ያወራሉ? የፈረሙት ውል ላይ አለ።"

እውነቱን ነው። ፈርማ ነበር፤ ያኔ ያላነበበችው ነገር ነው። ሽርጧን ፈትታ ለቅመም ሰጠቻትና ወጣች።

ወደ ጦር ሰፈሩ በር ስትቀርብ እግሯ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በሩ ላይ ያሉት ግን የጥበቃ ድርጅት ልብስ የለበሱ ናቸው።

"ባጅ?" አላት አንደኛው።

"የእኔ ልጅ፣ እኔ እኮ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያረጀሁት።"

"ባጅ ከሌለ መግባት የለም።"

"የአቅርቦቱን ሻለቃ ጥራልኝ። እታለም መጣች በለው።"

"የትኛው ሻለቃ? እኔ እዚህ ከገባሁ ገና ሳምንቴ ነው" አለ ሰውየው፤ ክፋት አልነበረበትም። ከአጥሩ ወዲያ የማጠቢያ ቤቱ ቆርቆሮ ጫፍ ይታያል፤ ጭስ የለውም። መንገዱን ተሻግራ ቆመች። ፀሐዩ ከጀርባዋ ወደ ፊቷ ዞረ። የሻለቃው መኪና ሲወጣ እታለም መንገዱ መሀል ገብታ ቆመች። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ አልተነቃነቀችም።

ሻለቃው መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "እታለም? ምን ሆነሻል?"

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሾፌሩን አየችው። የማታውቀው ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ የማመላለሻ ድርጅት ምልክት አለ። "በእግርዎ ትንሽ ይሸኙኝ ጌታዬ" አለች።

በአጥሩ ጥግ ጥግ እየሄዱ ነገረችው። ሻለቃው አላቋረጣትም። ስትጨርስ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል አየ።

"ዱሮ ካፖርቱን የሚያወጣው፣ የሚያጥበው፣ የሚጭነው ሁሉ ከአጥሩ ወዲህ ነበር" አለ። "አሁን መቼ እንደምንነቃነቅ ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል፣ አጣቢው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል። ወጪ ቀነሰ ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ።"

"ጎማውስ?" አለች።

"ሕይወቱ ተርፏል። አንድ እግሩ ግን ተቆረጠ።"

እታለም አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተንበረከከ።

"ያን ሰው አንድ ጊዜ እንድታገኚው እፈልጋለሁ። የሚፈልገውን ንገሪው፤ ቀኑን ግን እኛ እንመርጥለታለን።"

"መዋሸት አይሆንልኝም።"

"ቢጫ የሆነ ካናቴራ ነጭ ሆነልህ እያልሽ ስትመልሺ ኖረሽ የለም እንዴ?"

ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ እምቢ አላት።

በነጋታው እንደ ወትሮው ሥራ ውላ ስትወጣ ሰውየው ፌርማታው ላይ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ ዣንጥላው ታጥፎ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያያት ከኪሱ ትንሽ እሽግ አወጣ።

"ለወፍራም ጨርቅ የሚሆን መርፌ ነው" አላት። "ለመኪናሽ።"

እሽጉን ተቀበለችው። አስታውሶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ይችን አንዷን፣ ለማንም የማትጠቅመውን፣ አስታውሷታል። እታለም ለአፍታ "ሂድ፣ ከዚህ ከተማ ውጣ" ልትለው ፈለገች። እሱ ከሄደ ማንም እንዴት ዋልሽ እንደማይላት ታውቃለች። ከዚያ የጎማው እግር መጣባት።

"ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?" አላት።

"በካፖርት ስር" አለች። "ያለፈው አልበቃ ብሏቸው ሌላ ጆንያ አምጥተዋል። ማክሰኞ ማታ መድረስ አለበት አሉ፤ ረቡዕ ጠዋት ይፈልጉታል።"

"አይ ሥራ" አለ ሰውየው። ቀጥሎም፣ "እጅሽ ቀዝቅዟል" ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘው። እታለም አልነጠቀችውም። አውቶቡሱ እስኪመጣ እንዲሁ ቆሙ፤ ፌርማታው ላይ ያየ ሰው ባልና ሚስት ይላቸው ነበር። የእሱ መውረጃ ሲደርስ እጁን አነሣ። እሷም በመስታወቱ በኩል አነሣች። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

ረቡዕ ከሰፈሩ አንድም መኪና አልወጣም። በተራራው መንገድ ግራና ቀኝ አድፍጠው የሚጠብቁትን ወታደሮቹ ከኋላቸው መጥተው ከበቧቸው፤ ጥቂት ተኩስ ተሰማ፣ ብዙዎቹ እጃቸውን ሰጡ። ሰውየውንም ካረፈበት አልጋ ቤት ያዙት። የቀሩት ወታደሮች በሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ ወጡ። ሁሉም በሰላም ደረሱ።

ነገሩ ተጣርቶ የማጠቢያ ድርጅቱ ስም ሲነሣ፣ ተቆጣጣሪው እታለምን ቢሮው ጠራት። የደንበኛን ምስጢር በማውጣት ውሏ መቋረጡን ሲነግራት ዓይኗን ማየት አቃተው።

"ልክ ናችሁ" አለችው። "አውጥቻለሁ።"

ቅመም በር ድረስ ሸኘቻት፤ እንባዋ እየወረደ "እኔ ነኝ የለኮስኩሽ፤ ባለ ዣንጥላው፣ ባለ ዣንጥላው እያልኩ" ትላለች። እታለም አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ቅመም ራሷ ወሩ ሳያልቅ ውሏ አልታደሰም፤ በማን እንደተተካች እታለም አላወቀችም።

ሻለቃው ሊያመሰግናት ሲመጣ ከቀለም መሸጫው ፊት ለፊት ቆመው አወሩ። ማጠቢያ ቤቱ ወደ ሰፈሩ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ጽፌያለሁ" አለ። "ውሉ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ማፍረሱ ከማቆየቱ የበለጠ ያስከፍላል ይሉኛል። ጥበቃውን ግን መልሰናል። አንቺን በተመለከተ... እስቲ እናያለን።" አሁንም ወደ ላይ አየ፤ ጣሪያ ግን አልነበረም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ሰውየው ሚስቴ ሞታለች ብሎኝ ነበር። እውነት ነው?"

ሻለቃው ግራ ገባው። "እሱን አልጠየቅነውም" አለ።

እታለም አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብ ጀመረች። በዕረፍት ቀኗ ፍራፍሬ ገዝታ ወደ ወታደር ሆስፒታሉ ሄደች። ጎማው ከመስኮት ሥር ባለ አልጋ ላይ ነበር፤ በጣም ከስቷል። ሲያያት ግን ፊቱ በራ።

"እታለም! በምን አወቅሽ? ነይ ተቀመጪ። አየሽ፣ አንዱ ጎማዬ ፈነዳ።"

እሱ እንዲህ ሲቀልድ እሷ መቀመጥ አልቻለችም። መንገዱን ሙሉ አልነግረውም እያለች ነበር የመጣችው። "እኔ ነኝ" አለችው። ከዚያ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ካፖርቱን፣ ሐሙስን፣ ሰውየውን። ብቻዬን ስለነበርኩ ነው አላለችም። የሆነውን ብቻ ተናገረች።

ጎማው ሰምቶ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጠባቂው የጥየቃ ሰዓት አለቀ ብሎ እስኪያስወጣት ድረስ ፊቱን አልመለሰም።

በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ተመልሳ መጣች። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀበላት። ፍራፍሬውን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ወጣች። በቀጣዩም እንዲሁ። ሌሎቹ ሕሙማን እናቱ መስላቸው "ተኝቷል መሰል" ይሏታል፤ እሷም "ይተኛ" ትላለች። አንዳንድ ቀን ያመጣችው ፍራፍሬ ሳይነካ ታገኘዋለች፤ አንዳንድ ቀን ትንሽ ጎድሎ።

አንድ ከሰዓት ክፍሉ በጣም ሞቆ ነበር። እታለም እንደ ወትሮው ተቀምጣለች። ጎማው ፊቱን ሳያዞር፣

"መስኮቱን ክፈቺልኝ" አላት።

ተነሥታ ከፈተችው። ንፋሱ መጋረጃውን አነሣው፤ ከግቢው የመኪና ድምፅ ገባ። ሌላ ነገር ይላት እንደሆነ ቆማ ጠበቀች። አላላትም። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።